መምረጥ ወይስ መደርደር? ከአንድ የድሬዳዋ ውድድር በመነሣት ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ የቀረበ ትችት

ወደ ከፊራ ገበያ ወርዶ ብርቱካን የሚገዛ ሰው ከክምሩ ውስጥ ደኅና ደኅናውን አንሥቶ፥ አስመዝኖና ከፍሎ ይሄዳል። በሻጪቱ ፊት ያለውን ክምር በሙሉ ከትልቁ እስከ ትንሹ በተራ ደርድሮ፥ ከዚያ በኋላ ከጫፉ ሦስት ኪሎ የሚያነሣ ገዢ ቢገኝ ግን ሻጪቱም በአጠገቧ ያሉትም ይሥቁበታል። ነገር ግን ይኸው ገዢ ማታ ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ «ከመቶ ተማሪዎች ውስጥ በውጤት የሚበልጡትን ሦስቱን አውጣ» የሚል መልመጃ ሲሰጠው መቶውን ሁሉ ይደረድርና ሦስቱን ከጫፍ ያነሣል። ማንም አይሥቅበትም፤ እንዲያውም ሙሉ ማርክ ያገኛል። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ይህንን ልማድ ነው።

ይህንን ስንል መምህራኖቻችንን ለመንቀፍ ወይም ጓደኞቻችንን ለማሳጣት አይደለም፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱም ይህንኑ ሲያደርግ የኖረ ነውና። ሐሳባችን፥ አስቀድሞ ደርድሮ በኋላ የማንሣት ልማድ ጊዜ ከማባከኑም በላይ የተጠየቀውን ጥያቄ ሳናውቀው እንደሚለውጥብን ለማስረዳት ነው።

፩. ሦስቱ ሥራዎች

በአማርኛችን «ለየ»፥ «መረጠ» እና «ደረደረ» የሚሉት ቃላት ሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎችን ያመለክታሉ። የሐረር ቡና በመጋዘን ሲለቀም ለቃሚዋ የተሰበረውን፥ የጠቆረውንና ተባይ የበላውን ፍሬ እያነሣች ትጥላለች። እያንዳንዱን ፍሬ የምታነጻጽረው ከሌላ ፍሬ ጋር ሳይሆን በአእምሮዋ ከያዘችው አንድ መለኪያ ጋር ነው። ይህ መለየት ነው። «ከቀረቡት መካከል የሚበልጡትን አሥሩን አውጣ» ሲባል ግን መለኪያው አስቀድሞ አልተሰጠም፤ ስለዚህ አንዱን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ግድ ይሆናል። ይህ መምረጥ ነው። ሁሉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቦታ ቦታውን ይያዝ ሲባል ደግሞ መደርደር ይሆናል።

የሦስቱም ዋጋ የተለያየ ነው። ለመለየት ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ንጽጽር ይበቃል። ለመደርደር፥ በንጽጽር ብቻ የሚሠራ ማናቸውም ስልት በጠቅላላው የነገሮቹን ብዛት በዚያው ብዛት ሎጋሪዝም ያባዛነውን ያህል ንጽጽር ይጠይቃል። መምረጥ በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ ይሁን እንጂ በጥንቃቄ ከተሠራ ወደ መለየት እንጂ ወደ መደርደር አይጠጋም።

የዚህ ነገር ታሪክ አጭር ነው። ቶኒ ሆር የተባለው እንግሊዛዊ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ በኮምፒዩተር ለመተርጐም ሲባል ቃላትን በፊደል ተራ መደርደር አስፈለገውና ዛሬ ሁላችን የምንማረውን ክዊክሶርት የተባለ የመደርደሪያ ስልት አሰበ። ስልቱ እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካው የኮምፒዩተር ማኅበር መጽሔት ላይ 64ኛ ስልተ ቀመር ሆኖ ታተመ። በዚያው እትም 65ኛ ሆኖ የወጣው የሆር ሌላ ስልት ግን ከመደርደር ይልቅ ለመምረጥ የተዘጋጀ ነበር። ሁለቱ ስልቶች መንታ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሁለቱም አንድ ነገር ይነሣና ሌላው ሁሉ ከእርሱ የሚያንስና ከእርሱ የሚበልጥ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚደረድረው ወደ ሁለቱም ክፍሎች ተመልሶ ሲሠራ፥ የሚመርጠው ግን የሚፈለገው ነገር ወዳለበት ክፍል ብቻ ይመለሳል። የቀረውን ክፍል እንዳለ ይተወዋል።

ሆኖም የሆር የመምረጫ ስልት መካፈያው በክፉ አጋጣሚ ከተነሣ ሊዘገይ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ብለም፥ ፍሎይድ፥ ፕራት፥ ሪቨስትና ታርጃን የተባሉ አምስት ሊቃውንት፥ በማናቸውም አጋጣሚ ቢሆን የመምረጥ ሥራ ከነገሮቹ ብዛት ጋር ብቻ በተመጣጠነ ንጽጽር ሊፈጸም እንደሚችል አረጋገጡ። እንግዲህ የመካከለኛውን ቦታ የያዘውን እንኳ ለማግኘት ሁሉን መደርደር የሚያስፈልግ አለመሆኑ ከታወቀ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆኗል።

፪. ስም ያሳሳተው ስልት

ይህ ሁሉ እየታወቀ ልማዱ ለምን ጸና? አንደኛው ምክንያት የመማሪያ መጻሕፍት አሰላለፍ ነው። ለመደርደር ረጅም ምዕራፍ ይሰጣል፤ ለመምረጥ ግን ጥቂት ገጾች ይቀሩለታል፤ ተማሪውም እዚያ ሳይደርስ የትምህርቱ ዘመን ያልቃል። ሁለተኛው ምክንያት የስም ማሳሳት ነው። በትምህርቱ መጀመሪያ «በመምረጥ መደርደር» የሚባል ስልት እንማራለን። ከሁሉ የሚበልጠውን ፈልጎ አንደኛ ማስቀመጥ፥ ከቀሩት የሚበልጠውን ፈልጎ ሁለተኛ ማስቀመጥ፥ እንዲህም እያሉ እስከ መጨረሻው መቀጠል ነው። ስሙ «መምረጥ» ስለሚል መምረጥን የተማርን ይመስለናል፤ ነገር ግን የተማርነው መደርደርን ነው፤ ያውም ከዘገምተኞቹ አንዱን።

ለመቶ ነገሮች ይህ ስልት እስከ መጨረሻው ከሄደ 4,950 ንጽጽር ይፈጃል። ስለዚህ መምህሩ «ቀርፋፋ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እኛም ወደ ፈጣኖቹ እንሻገራለን። ነገር ግን ጥያቄው ሦስቱን ማውጣት ብቻ ቢሆን፥ ይኸው የተናቀ ስልት ከሦስተኛው ዙር በኋላ ቢቆምስ? 99 ሲደመር 98 ሲደመር 97፥ በጠቅላላው 294 ንጽጽር ይሆናል። ከፈጣኖቹ የሚቈጠረው በማዋሐድ የሚደረድረው ስልት ግን መቶውን ለመደርደር በክፉው አጋጣሚ እስከ 573 ንጽጽር ይደርሳል። ቀርፋፋ የተባለው፥ የት መቆም እንዳለበት ቢያውቅ ኖሮ ፈጣኑን በቀደመው ነበር።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። የሚፈለጉት ሦስት መሆናቸው ቀርቶ ሃምሳ ቢሆኑ፥ የዚህ ስልት ንጽጽር ወደ 3,725 ያድጋል፤ ያን ጊዜ መደርደሩ ይሻላል፤ ከሁለቱም ደግሞ የሆር የመምረጫ ስልት በአብዛኛው ይሻላል። ስለዚህ «ይህ ስልት ፈጣን ነው፤ ያኛው ቀርፋፋ ነው» የሚለው ንግግር ስንቱን እንደምንፈልግ ሳይነገር ትርጉም የለውም።

፫. በ1968 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተደረገው

ንጽጽር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚታየው በኮምፒዩተር ውስጥ ሳይሆን በሜዳ ላይ ነው፤ በዚያ አንድ ንጽጽር አንድ ግጥሚያ ነውና። ለዚህም ከከተማችን ታሪክ ጥሩ ምሳሌ እናገኛለን። ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5 ቀን 1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አሥረኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስታስተናግድ፥ ከስምንቱ ቡድኖች አራቱ በአዲስ አበባ፥ አራቱ በድሬዳዋ ተመደቡ። በድሬዳዋው ምድብ ሞሮኮ በ5 ነጥብ አንደኛ፥ ናይጄሪያ በ4 ሁለተኛ፥ ሱዳን በ2 ሦስተኛ፥ ዛኢር በ1 ነጥብ አራተኛ ሆኑ። በአዲስ አበባው ምድብ ጊኒ 5፥ ግብፅ 4፥ ኢትዮጵያ 3 ነጥብ ሲያገኙ ኡጋንዳ ያለ ነጥብ ቀረች። በዚያን ጊዜ ለአሸናፊ የሚሰጠው ሁለት ነጥብ ነበር።

የዚህ ውድድር ልዩ ጠባይ የመጨረሻ ግጥሚያ የሚባል ያልነበረው መሆኑ ነው። ከየምድቡ ያለፉት ሁለት ሁለት ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ እርስ በርሳቸው ተጋጠሙ፤ ሞሮኮ በ5 ነጥብ ዋንጫውን ወሰደች፤ ጊኒ በ4፥ ናይጄሪያ በ3 ነጥብ ተከተሉ፤ ግብፅ ያለ ነጥብ አራተኛ ተባለች። ጠቅላላው ግጥሚያ በምድብ 12፥ በመጨረሻው ዙር 6፥ በድምሩ 18 ነበር።

አሁን ይህንን እንደ ስልተ ቀመር እንመርምረው። ለጊዜው የበለጠው ቡድን ሁልጊዜ ያሸንፋል፥ ሠንጠረዡም ኀይላቸውን በትክክል ያሳያል ብለን እንቀበል። ከስምንት ቡድን አንደኛውን ብቻ ለማወቅ በጥሎ ማለፍ 7 ግጥሚያ ይበቃል፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ መሸነፍ አለበትና። ሁለተኛውን በትክክል ለማወቅ ግን የመጨረሻውን ግጥሚያ የተሸነፈውን ሁለተኛ ማለት አይበቃም። የሒሳብ ሊቅና ደራሲ የነበረው ቻርልስ ዶጅሰን፥ በብዕር ስሙ ሉዊስ ካሮል፥ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ቴኒስ ውድድር ሲጽፍ የተቸው ይህንኑ ነበር። ሁለተኛው ብርቱ ገና በመጀመሪያው ዙር ከአንደኛው ጋር ገጥሞ ሊወድቅ ይችላል። በስምንት ቡድን፥ ዕጣው በዘፈቀደ ቢወጣ፥ እውነተኛው ሁለተኛ እስከ መጨረሻው ግጥሚያ የመድረስ ዕድሉ ከ7 እጅ 4ቱ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ሊሸነፍ የሚችለው በአንደኛው ብቻ ስለ ሆነ፥ አንደኛው ካሸነፋቸው ሦስት ቡድኖች መካከል የሚበልጠውን በ2 ግጥሚያ መለየት ነው። ድምሩ 9 ይሆናል። ስምንቱን ሁሉ ከአንድ እስከ ስምንት ለመደርደር ደግሞ በጣም በቈጠበው ስልት 16 ግጥሚያ ይጠይቃል።

እንግዲህ 18 ግጥሚያ ተደርጎ ምን ታወቀ? አንደኛውና ሁለተኛው በእርግጥ ታወቁ። ሁለቱም በአንድ ምድብ ቢወድቁ እንኳ ተከታትለው ያልፉ ነበርና። ሞሮኮና ጊኒ ከሁለት ምድብ ስለ መጡ ሦስተኛውም ታወቀ፤ እውነተኛው ሦስተኛ በምድቡ ሊበልጠው የሚችለው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ስለ ሆነ ሳያልፍ አይቀርም። አራተኛው ግን አልታወቀም። አንደኛዋ ሞሮኮና ሦስተኛዋ ናይጄሪያ ሁለቱም ከድሬዳዋው ምድብ ነበሩ። ስለዚህ በዚያው ምድብ ሦስተኛ ሆና የቀረችው ሱዳን ከግብፅ ትበልጥ ይሆናል፤ ታንስም ይሆናል፤ በዚያ ውድድር ሁለቱ አልተገናኙምና መልስ የለውም። ሠንጠረዡ ግን ግብፅን «አራተኛ» አድርጎ ጻፈ። እንዲሁም ሱዳንና ኢትዮጵያ ማን ከማን ይበልጥ እንደ ነበር ውድድሩ አልጠየቀም፤ ሊመልስም አልተዘጋጀም።

ይህ የውድድሩ ጥፋት አይደለም፤ የተዘጋጀው ባለ ዋንጫውን ለመምረጥ ነበርና ይህንን ፈጽሟል። ጥፋቱ የእኛ የአንባቢዎቹ ነው፤ የመምረጥን ውጤት እንደ ድርደራ እናነበዋለንና።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሞሮኮና ናይጄሪያ፥ እንዲሁም ጊኒና ግብፅ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጋጥመዋል፤ እንደ ስልተ ቀመር ካየነው ሁለቱ ድጋሚ ግጥሚያዎች ብክነት ናቸው። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ጊኒና ግብፅ በምድባቸው 1 ለ 1 ተለያይተው፥ በመጨረሻው ዙር ጊኒ 4 ለ 2 አሸንፋለች። ቁጥር ከቁጥር ጋር ሲነጻጸር መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ሲነጻጸር ግን እንዲህ አይደለም። ስለዚህ ከመጽሐፍ የተማርነውን የንጽጽር ቈጠራ ወደ ሕይወት ስናሻግር ይህ ልዩነት ሊዘነጋ አይገባም።

፬. የተማሪው ዕጣ

ምናልባት አንዳንድ አንባቢዎች «የዛሬው ኮምፒዩተር ብርቱ ነው፤ በንጽጽር ብዛት ለምን እንጨነቃለን?» ይሉ ይሆናል። በከፊል ልክ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና የወሰዱት ወደ 845 ሺህ ነበሩ፤ ከእነዚህም 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ወደ 27 ሺህ ናቸው። ማን እንዳለፈ ለመለየት ወደ 845 ሺህ ንጽጽር ሲበቃ፥ ሁሉን ለመደርደር ወደ 17 ሚሊዮን ገደማ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ሃያ እጥፍ ነው፤ ነገር ግን ተራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሁለቱንም ሻይ ሳይቀዳ ይጨርሳቸዋል። ነገሩ የጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። አንድ ኮሌጅ 500 ቦታ አለው እንበል፤ አመልካቾቹ ሁለት ሺህ ናቸው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ተማሪ እንደ ልማዱ ሁለቱን ሺህ በውጤት ይደረድርና የመጀመሪያዎቹን 500 ያነሣል። አሁን በ500ኛውና በ501ኛው ቦታ ላይ የተቀመጡት ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ውጤት ቢኖራቸውስ? አንደኛው ገባ፤ ሁለተኛው ቀረ። ማን ወሰነ? መዝገቡ አስቀድሞ በፊደል ተራ ተጽፎ ከነበረና የመደርደሪያው ስልት እኩል የሆኑትን በነበሩበት ቅደም ተከተል የሚተው ከሆነ፥ ሀብታሙ የገባው ስሙ በ«ሀ» ስለሚጀምር፥ ፀሐይ የቀረችው ስሟ በ«ፀ» ስለሚጀምር ነው። ይህንን ሕግ ያወጣ ማንም የለም፤ የተፈረደው ግን በዚሁ ነው። ደግሞም በተደረደረው ዝርዝር ላይ ሁለቱ በተራ ስለ ተቀመጡ፥ የሚያየው ሰው አንዱ ከሌላው የሚበልጥ ይመስለዋል።

ጥያቄውን እንደ ምርጫ ጥያቄ የሚያነሣው ግን መጀመሪያ «በ500ኛው ቦታ ላይ ያለው ውጤት ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም ከዚህ ውጤት የሚበልጡትን ይቈጥራል፤ 488 ቢሆኑ እነርሱ ያለ ክርክር ይገባሉ። ከዚህ ውጤት ጋር እኩል የሆኑትን ደግሞ ለብቻ ይቈጥራል፤ 20 ቢሆኑ፥ ለሃያ ልጆች አሥራ ሁለት ቦታ እንደ ቀረ በግልጥ ይታያል። ይህ የኮምፒዩተር ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ሰው ተሰብስቦ፥ ምክንያት ሰጥቶ፥ ሊወስነው የሚገባ ጉዳይ ይሆናል። ደርድሮ የሚያነሣውም በወሰኑ ላይ ያለውን ቢመረምር እዚህ መድረስ ይችላል፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ያለቀ ስለሚመስለው አይመረምርም።

፭. መደርደር የሚገባው መቼ ነው?

ከላይ ከተነገረው ተነሥቶ መደርደር ከንቱ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። አንደኛ፥ ጥያቄው ራሱ የተራ ጥያቄ ሲሆን መደርደር ግድ ነው። ተማሪዎች እንደ ውጤታቸው ቅደም ተከተል እየተጠሩ የፈለጉትን የትምህርት ክፍል የሚመርጡ ከሆነ፥ የእያንዳንዱ ቦታ መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፥ አንድ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ከሆነ አንድ ጊዜ ደርድሮ ማስቀመጥ ያተርፋል። በተደረደረ የአሥር ሺህ ስሞች መዝገብ ውስጥ አንድን ስም እያጋመሱ በመፈለግ በ14 ንጽጽር ማግኘት ይቻላል። የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ የሚደረደረው ለአንድ አንባቢ ሳይሆን ነገ ለሚመጡት ሁሉ ነው። ሦስተኛ፥ ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ያለ ሙሉ ቁጥር ከሆነ፥ ለየውጤቱ አንድ አንድ ሣጥን አዘጋጅቶ በመቍጠር ብቻ ያለ አንዳች ንጽጽር መደርደር ይቻላል፤ የመምረጥና የመደርደር የዋጋ ልዩነትም እጅግ ይጠባል።

በሌላ በኩል ነገሮቹ ገና እየመጡ ከሆነ መደርደር አይመችም። ቀኑን ሙሉ ከሚመጡት አሥር ትላልቆቹን መያዝ የሚፈልግ ሰው አሥሩን ብቻ በእጁ ይዞ፥ አዲስ የመጣውን ከአሥሩ መጨረሻ ጋር ያነጻጽራል፤ ካነሰ ያሰናብተዋል፤ ከበለጠ ይተካዋል። ሚሊዮን ቢመጣም የሚያስፈልገው ቦታ የአሥር ብቻ ነው። አንዱ ንጽጽር በራሱ ውድ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ቡና ቀማሹ ሁለት ሲኒ ሲያነጻጽር፥ ወይም መምህሩ ሁለት ድርሰት አንብቦ ሲያበላልጥ፥ የሚደክመው ሰው ነው፤ እዚያ ላይ አንድ ንጽጽር ማዳን ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛው፥ በኮሌጆቻችን የፕሮግራም ትምህርት ሲሰጥ መምረጥ ከመደርደር ቀድሞ፥ ወይም ቢያንስ ከጎኑ፥ በራሱ ስም እንዲሰጥ ነው፤ በመልመጃውም ላይ ሦስቱን ለማውጣት መቶውን የደረደረ ተማሪ ትንሽ ማርክ ቢቀነስበት አይጐዳም። ሁለተኛው፥ ማንኛችንም ፕሮግራም ከመጻፋችን በፊት በወረቀት ላይ ሦስት ነገር እንድንጽፍ ነው፤ የተጠየቀው መለየት፥ መምረጥ ወይስ መደርደር ነው? አንዱ ንጽጽር ምን ያስከፍላል? እኩል የሆኑት በወሰኑ ላይ ቢገናኙ ማን ይወስናል?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ጥሩ ፕሮግራም ጸሐፊ ያደርጉናል። ሦስተኛውን ግን ያልጠየቀ ፕሮግራም ጸሐፊ፥ ስሟ በ«ፀ» ስለ ጀመረ ብቻ ከደጅ ለቀረችው ልጅ መልስ የለውም።